ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ

በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ በምትዞር በዚህች ወረቀታችን ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ፌዝ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ቦታው እዚህ ነው እላለሁ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ አዲስ አበባ ላይ ያዘጋጀው የአማርኛ ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚታደለው፤ ኋላ ማባዣ መጣለትና ቁጥሩ በዛ። ስሙንም ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» አሉት። ማባዣው የጸሐፊውን እጅ አሳረፈ እንጂ አላሰበለትም።

ሰሞኑን በመካከላችን የሚወራውን ሰምታችኋል። ስልኩ አማርኛ ያወራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከእንግዲህ አስተማሪም አስተርጓሚም አያስፈልግም ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ሰይጣን ካልሆነ ሰላይ ነው ብሎ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። (የጠቀለለው ሰው ራሱን ያውቃል፤ ስም አልጠራም።)

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ አስገብተውለት፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ በቁጥር አጥንቷል። «እንደምን» ስትሉት «አደራችሁ» ይላል፤ ማደራችሁ ገዶት ግን አይደለም። ትርጓሜ ሳይማር ዳዊት የሚደግም ተማሪ ይመስላል፤ ልዩነቱ፣ ተማሪው ሲጠፋበት ዝም ይላል፤ ይህኛው ግን ያላነበበውንም አሳምሮ ይቀጥላል።

እዚህ ሐርጌሳ ዛድ የሚሉት በስልክ ገንዘብ መላኪያ በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተጀመረ። ሽልንግ በጥቅል በጥቅል በሚከመርበት ከተማ ዛሬ ሻይ ሻጯ ሳትቀር በተራ ስልክ ትቀበላለች። የሚያስፈራው ስልኩ ሳይሆን የሚስጥር ቁጥርን ለማያውቁት ሰው መንገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዲት እህት ለቃለ መጠይቅ ታሪኳን በአማርኛ ጽፋ በስልኳ ወደ እንግሊዝኛ አስገለበጠችው፤ ከመስጠቷ በፊት እንዳየው አመጣችልኝ። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ እውነቴን ነው። ነገር ግን «ነሐሴ 10 ቀን 2015 ከቤቴ ወጣሁ» ያለችውን «ኦገስት 10 ቀን 2015» ብሎታል። ትክክለኛው ኦገስት 16 ቀን 2023 ነው፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዷታል ማለት ነው። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ያለችውም ስምንት ሆኖ ቀርቷል፤ በእነሱ ሁለት ነው። ቀን ተምታታ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ቀን የተጠራጠረ ጠያቂ ታሪኩን በሙሉ ይጠራጠራል። እርማቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። እህታችን ስልኳን አልጣለችም፤ አሁን ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ራሷ ትጽፍለታለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በስልኩ የምትጽፉለት አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ወዳለ የባለቤቱ ኮምፒዩተር ይሄዳል። አገር ቤት የቀሩትን ሰዎች ስም አትስጡት።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችውና በልጅነቷ የተሰደደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 (እንደ ፈረንጅ) ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ ከሚለዩት ፕሮግራሞች አንዱ ጠቆር ያሉ ሴቶችን ሲያይ ወደ 35 ከመቶ የሚጠጋ እንደሚሳሳት፣ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን የሁሉም ስሕተት ከአንድ ከመቶ በታች እንደሆነ አሳይታለች። ማሽኑን ውስጡን አውቃ ነው የያዘችው። የጎግል ተርጓሚም ሶማሊኛን በ2013፣ አማርኛን በ2016 ነው የጨመረው፤ በቋንቋችን ገና ጀማሪ ነውና ስሕተቱን ልናገኝበት የምንችል እኛው ነን።

የተተረጎመ ወረቀት ያለው ሰው ቅዳሜ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ በእኛ አቆጣጠር።