ደንበኛ ንጉሥ ነውን?

በአማርኛችን «ቡና ቤት» ቡና የሚጠጣበት ቤት አይደለም። «ትናንት ቡና ቤት ነው ያመሸሁት» ያለ ሰው ቢራ ሲጠጣ አምሽቷል ማለት ነው። ቡና ያማረው ሰው ወይ ሻይ ቤት ይገባል፣ ወይ ካፌ ይገባል፣ አለዚያም ከመንገድ ዳር ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የጀበና ቡና ያስቀዳል። ይኼን የቃል ትርምስ ለቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን እንተወው። እኛ የምናነሣው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ካፌ ገብተን ስንቀመጥ ምን እንደምንገዛ፣ የገዛነውንም ነገር ዋጋ ማን እንደሚከፍል ነው።

ነገሩን ከቤት እንጀምረው። በየቤታችን ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ከሰሉ ይራገባል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ይቀርባል። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይከተላል፤ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ይወቀሳል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ቀጂዋ እናት ናት ወይም እህት ናት። እሷም ብትሆን ትደክማለች፤ ግን «አገልግሎትሽ ጥሩ አይደለም» የሚላት የለም።

ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን ተማሪዎች ይኼን ቤት በልባችን ይዘን ነው ካፌ የምንገባው። የዶርሙ ጫጫታ ያባርረናል፤ ላይብረሪ ስንሄድ ወንበር እናጣለን፤ በኪሳችን በቀረችው ብር አንድ አንድ ሻይ አዘን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። የምንገዛው ሻዩን አይደለም። ወንበሩን ነው፤ ሙቀቱን ነው፤ «ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገያችሁ?» የሚለንን ሰው ነው።

ስድስት ኪሎ አካባቢ የምናዘወትራት ካፌ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ከሰባት ጠረጴዛ አትበልጥም። ማሽኑ ሲያፏጭ ከውጭ ይሰማል። ጥግ ያለው ጠረጴዛ የጡረተኞቹ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው የታክሲ ረዳቶቹ፤ መስኮቱ ሥር ያለው የኛ። ይኼን ማንም አልደነገገም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። «ማኪያቶ» ቃሉ የጣሊያን ቢሆንም ትእዛዙ የኛው ነው፤ አንዱ «ነጣ ያለ» ይላል፣ ሌላው «ጠቆር ይበል» ይላል፣ ሦስተኛው ቡናና ሻይ አስደርቦ «ስፕሪስ» ይላል። አስተናጋጇ ወረቀት አትይዝም፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ከጡረተኞቹ መካከል የትኛው ስኳር እንደ ተከለከለ ሳይቀር ታውቃለች። እንግዲህ «መስተንግዶ» የሚባለው ይኼ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እስቲ ስሟንም እንመልከተው። ቀድሞ «አሳላፊ» ይባል ነበር። አሳላፊ ሥራው ማሳለፍ ነው፤ ሳህኑን ከማድ ቤት ተቀብሎ ወደ ጠረጴዛው ማድረስ ነው። ዛሬ የምንለው «አስተናጋጅ» ነው። እንግዳ ማስተናገድ ግን የባለቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ተቀጣሪ የምንጠብቀው ቡናውን እንድታመጣልን ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የራሷ የሆነ ያህል ፈገግ ብላ እንድትቀበለን ጭምር ነው። ፊቷ ትንሽ ጠቆር ካለ «ደግሞ ምን ሆናለች?» ይባላል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆማ መዋሏን የሚቆጥርላት የለም። አንዱ ያጨበጭባል፤ ሌላው «እስ!» ይላል፤ ሦስተኛው ጠረጴዛውን በመኪና ቁልፍ ይቀጠቅጣል።

ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የአገራችን ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ እነሆ ግማሽ ምእተ ዓመት አለፈ። ካፌ ውስጥ ግን በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ማንም ይነግሣል። ንጉሥ ካለ ደግሞ ገባር መኖሩ አይቀርም።

ገባሩ ማን እንደ ሆነ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አየን። ዕለቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል። አምስት የማናውቃቸው ሰዎች ኬክ በልተው፣ ማኪያቶ ደጋግመው፣ እሷ ወደ ጓዳ ገባ ስትል ሹልክ ብለው ወጡ። ባለቤቱ ደብተሩን አወጣና ሒሳቡን በደመወዟ ላይ ጻፈባት። እሷ ምንም አላለችም፤ ትሪውን እንደ ያዘች ቆመች። ያን ጊዜ ከጥጉ ጠረጴዛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ተናገሩ።

«ስማኝማ ልጄ፤ የዛሬው ትርፍ የማን ነው?»

«የቤቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ኪሳራው እንዴት የሷ ይሆናል?»

«ምን ላርግ ጋሼ፤ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔስ የቤት ኪራዩን ከየት አምጥቼ ልክፈለው?»

«ቤቱን የተከራየኸው አንተ ነህ፤ እሷ አልተከራየችም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወር ሲያልቅ ለኛም ስንት ጊዜ በዱቤ ሰጥቶናል። የኪራዩም ነገር ውሸት አልነበረም። ደብተሩን ሲያይ ቆየና «እሺ በቃ፣ ግማሹን» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱለትም። ግማሹን ግን ከፈለች።

ማታ ይኼንኑ ስናወጋ የሕግ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን አዋጁን አውጥቶ አነበበልን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። የሚቆረጠውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚል አንቀጽ ግን የለበትም።

«ታዲያ ለምን አትከሰውም!» አለ ከመካከላችን አንዱ። በማግስቱ አዋጁን ነገርናት። ሳቀችብን። «ከስሼውስ የት ልሥራ? ደግሞ ያኛው ቤት ከዚህ ይሻላል ያለው ማነው? እናንተ ብቻ ሳትከፍሉ አትሂዱብኝ» አለችና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች። ይኼ መልስ ከአዋጁ ይልቅ ሲያነጋግረን ሰነበተ። መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ፣ እንጀራ ደግሞ በባለቤቱ እጅ ካለ፣ በሁለቱ መካከል የሚቆመው ማነው? ያን ቀን የቆሙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የያዙት ሥልጣን የለም። የያዙት ነገር ቢኖር በዚያ ቤት ለዓመታት መቀመጣቸው ነው፤ ባለቤቱም አንገቱን ደፍቶ የሰማቸው ስለዚሁ ነው።

«ደንበኛ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው አዘውትሮ እየመጣ የሚገዛ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ትክክለኛ፣ እንደ ደንቡ የሆነ ማለት ነው፤ «ደንበኛ ሥራ» ስንል ይኼን ማለታችን ነው። አምስቱ ሰዎች ማኪያቶ ደጋግመው ጠጥተዋል፤ በአንደኛውም በሁለተኛውም ፍች ግን ደንበኛ አልነበሩም። ጋሼ በቀን የሚጠጡት አንድ ስኳር የሌለው ቡና ነው፤ በሁለቱም ፍች ደንበኛ ናቸው።

ስለ አንድ ካፌ ይኼን ያህል ምን አስለፈለፋቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሠፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሄደ፤ ሰው የለመዳቸው ሻይ ቤቶችም አብረው ፈረሱ። ማሽን ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። የትኛው ጠረጴዛ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ በሰው ደመወዝ ላይ ሲጻፍ «እንዴት ተደርጎ!» የሚል ሰው ግን እንደ ወንበር በአይሱዙ ተጭኖ አይሄድም። ዘመን ፈጅቶ የሚገኝ ነገር ነው። እኛ ደግሞ እዚህ የምንቆየው አራት ዓመት ነው፤ ቢበዛ አምስት።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ባለን ጊዜ እንጠቀምበት። ቤቱ ሲሞላ ወንበር እንልቀቅ፤ «ማጥናት ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት በየካፌው የሚለጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የምታስተናግደንን ሰው በጭብጨባ ሳይሆን በስሟ እንጥራት። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ሳይከፍል ሊነሣ ሲል «ወንድሜ፣ ሒሳብ ረሳህ» እንበለው። በሰው ደመወዝ ላይ ሲጻፍ ደግሞ አንገታችንን ወደ ደብተራችን አንድፋ፤ ጋሼ ብቻቸውን አይናገሩ። ንጉሥነቱ ይቅርብን፤ ደንበኛ መሆን ከቻልን ይበቃናል።