ራቤል ያልተቆጠረችበት ቁጥር

በአማራ ክልሏ ራቤል ውስጥ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና (ብርድ ልብስ) የምታሠራ አንዲት እናት አለች እንበል። ልጇ ባናውን በጧት ፀሐይ አጥር ላይ ዘርግቶ ፎቶ ያነሳና ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ማታ ሲያየው 1,200 ሰው ዘንድ ደርሷል፤ ላይኩ፣ ኮመንቱና ሼሩ ተደምሮ 36 ነው። 36ን ለ1,200 አካፍሎ በ100 ሲያባዛው 3 ከመቶ ይሆናል። በሺህ የሚቆጠር ላይክ ካገኘ የቀልድ ቪዲዮ ጋር ሲያስተያየው አንገቱን ይደፋል። ከደብረ ብርሃን ደውላ ሁለት ባና ያዘዘችው ሴት ግን ላይክ አላደረገችም። አንዱን ስልክ ቡና ላይ እየተቀባበሉ ያዩት ጎረቤቶችም በፌስቡክ ቤት አንድ ሰው ናቸው፤ የሚቆጠረው አካውንት እንጂ ዓይን አይደለም።

ቁጥሩ የሚያስተው ግን በመጉደል ብቻ አይደለም።

ፌስቡክ የትኛው ጽሑፍ ለሰው ቀድሞ እንደሚታይ ሲወስን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የስሜት ምልክቶችን፣ የቁጣውን ፊት ጨምሮ፣ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ መዘናቸው። በ2018 በመጣው ለውጥ ደግሞ ረዘም ያለ ኮመንት 30 ነጥብ ድረስ ይታሰብለት ጀመር። ሰው ረጅም ኮመንት የሚጽፈው ሲደሰት ብቻ አይደለም፤ ሲናደድም ይጽፋል፣ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው እጁ የሚፈጥነው። የቁጣው ፊት ሚዛን ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው።

መስከረም 2014 ዓ.ም. የቀድሞዋ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ይህ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ መሆኑን በስም ጠቅሳ ተናገረች። ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በባሕር ዳር መኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች ሲዘዋወሩ ነበር። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው በኬንያ ፍርድ ቤት ልከሰስ አይገባም ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ለእነዚያ ጽሑፎች የተሰጠው ላይክና ኮመንት በሠንጠረዥ ላይ እንደማንኛውም "ጥሩ ውጤት" ነው የሚነበበው። አንድ አባት የሞቱበትን ነገር እንዲህ መቁጠር ያማል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ያኔ ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ስለ ክልሉ ይጻፍ ነበር፤ ላይኩም ኮመንቱም ይሰበሰብ ነበር። የሚጻፍለት ገበሬና ሸማኔ ግን በቆጠራው ውስጥ አልነበረም። ዜሮ ደግሞ "አልወደዱትም" እና "ኔትወርክ የላቸውም" የሚሉትን ለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ የራቤሉ ልጅ ከስልኩ ጎን አንድ ደብተር ቢይዝ ይሻለዋል። ማን ደወለ፣ ከየት ደወለ፣ ስለ ጠጉሩ ምን ጠየቀ፣ ባናው ደረሰው ወይ ብሎ ይጻፍበት። ኔትወርክ የጠፋበትን ቀን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ያስምርበት።