ሳያስፈቅድ የሚገባ እንግዳ



ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ዱከም የምንኖር ቤተሰቦች፣ ፊልም ወደ ቤታችን የሚገባበት መንገድ ሲለዋወጥ አይተናል። ቀድሞ የቪዲዮ ካሴት ነበር፤ ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ። ዛሬ ልጆቻችን በፍላሽ ያስጭናሉ፣ ወይም ከቴሌግራም ያወርዳሉ። «ነፃ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ይሉናል። ጥያቄያቸው መልስ ይገባዋል።

አንደኛው ጉዳት የሰው ሐቅ ነው። ፊልም የብዙ ሰዎች ላብና ገንዘብ ነው። የሀገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን በእስራት ያስቀጣል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1988 (እ.ኤ.አ) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነ ወስኗል። በእጅ የማይዳሰስ ነገር ቢሆንም ባለቤት አለው።

ሁለተኛው ጉዳት በራሳችን ላይ የሚደርሰው ነው። የሙሉ ፊልም ፋይል ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ስሙም በአብዛኛው በ«ኤምፒ4» ወይም በ«ኤምኬቪ» ያልቃል። የፊልም ስም ይዞ በ«ኢኤክስኢ» ወይም በ«ኤፒኬ» የሚያልቅ ከሆነ ግን ፊልም ሳይሆን ፕሮግራም ነው። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ከሰጠነው፣ ባንክ የሚልክልንን የምስጢር ቁጥር ለማናውቀው ሰው ሊያሳልፍ ይችላል። ፎቶ የማየት ፈቃድ ከሰጠነው ደግሞ እናቶቻችንና እህቶቻችን ቤት ውስጥ ያለ ሒጃብ የተነሱትን ሊወስድ ይችላል። ገንዘብ ይተካል፤ የወጣ ገመና ግን አይመለስም።

ሃይማኖታችን የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እንድናስፈቅድ፣ ካልተፈቀደልንም እንድንመለስ አስተምሮናል። ይህንኑ አደብ ለስልካችንም እናውለው። ፋይል ከመክፈታችን በፊት የስሙን መጨረሻ እንይ። «ፊልሙን ለማየት መጀመሪያ ይህን ጫን» የሚል ገጽ ሲገጥመን እንዝጋው። ከሰው የመጣ ፍላሽ በጸረ ቫይረስ ይፈተሽ። የባንክ አገልግሎት ያለበት ስልክ ለልጆች መጫወቻ አይሁን።

ወላጆች ሆይ! ክልከላ ብቻውን አይበቃም። ባለቤቶቻቸው ራሳቸው በዩቲዩብ የለቀቋቸው የአማርኛ ፊልሞች አሉና፣ ይዘታቸውን አስቀድመን አይተን መልካሙን ከልጆቻችን ጋር እንመልከት።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ ገመናችንንም ይሸፍንልን። ኣሚን።