ሆድን ሳይዘረግፉ አንጀትን ስለ ማከም

ሰው የጥርሱን ሕመም በሸንጎ ይናገራል፤ የአንጀትና የመቀመጫውን ደዌ ግን ከቤተሰቡ እንኳ ይደብቃል። ታላቅ ወንድሜም ደም እየወረደባቸው «ኪንታሮት ነው» እያሉ በቅጠልና በሥር ብዙ ወራት ቆዩ። ባለቤታቸው ለምነው ወደ ሐኪም ቢወስዷቸው፤ በትልቁ አንጀታቸው ነቀርሳ በቅሎ ተገኘ።

ወንድሜን ያስጨነቃቸው ከሞቱ ይልቅ ቢላዋው ነበረ። «እንደ ሙክት አትዘርግፈኝ» ቢሉት፤ ሐኪሙ «ጌታዬ፤ ጥቂት ቀዳዳ ይበቃኛል» ሲል መለሰላቸው።

ብልሃቱም እንዲህ ነው። በሽተኛው በመድኃኒት ከተኛ በኋላ ሥፍራ እንዲገኝ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ከዚያ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ቀዳዳዎች መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፤ ረጃጅም መቀስና መቆንጠጫም ይገባሉ፤ ሐኪሙም በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። የተቆረጠው አንጀት የሚወጣበት ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ መሆን አለበት፤ ይህንን የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው።

ጥበቡ የትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ጌኦርግ ኬሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የውሻን ሆድ በአየር ነፍቶ ውስጡን ተመለከተ፤ በ1910 ዓ.ም. ስዊድናዊው ያኮቤዎስ በሰው ላይ ማድረጉን አስታወቀ። ትልቁን አንጀት በዚህ መንገድ መቁረጥ ግን የተጀመረው በ1990ዎቹ መግቢያ ነው።

ወንድሜ ነገር መርማሪ ናቸውና «ነቀርሳው በቀዳዳው ላይ ቢዘራስ?» አሉ። ይህ የሐኪሞቹም ፍርሃት ነበረ፤ በዚያ ዘመን በቀዳዳው ሥፍራ ነቀርሳ የበቀለባቸው ሰዎች ታይተዋልና። በ2004 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ 872 በሽተኞች ለሁለት ተከፍለው የተመረመሩበት ውጤት ቢወጣ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው በቀዳዳ ከታከሙት 16፤ ሆዳቸው ከተከፈተው 18 ከመቶ ሆኑ፤ ይኸውም እንደ እኩል የሚቈጠር ነው። በሐኪም ቤት መቆየቱም 5 ቀን ከ6 ቀን ጋራ ነው። እኔስ ከአንድ ቀን የበለጠ ትርፍ ጠብቄ ነበር! ደግሞም ከአምስቱ የአንዱ ሆድ ሥራው ተጀምሮ ሳለ ወደ መከፈት ተመልሷል። ወደ መቀመጫ ስለ ቀረበው የአንጀት ጫፍ ነቀርሳ ግን በ2015 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ምርመራዎች እኩልነቱን ለማረጋገጥ አልቻሉም።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ስለ ነገራቸው ወንድሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፤ ግድ ቢሆን ሆዳቸው እንዲከፈት ፈቅደው ፈረሙ። ግድ አልሆነም። በአምስተኛው ቀን ቤታቸው ገብተው፤ የቀረበላቸውን አጥሚት ገፋ አድርገው ሽሮ አምጡ ቢሉ ባለቤታቸው እንቢ አሏቸው።