ስንት ዋት ነው?

እኛ ሰዎች ቁጥር እንወዳለን። ቤት ሠራሁ ያለንን ሰው «ስንት ካሬ ላይ?» እንለዋለን እንጂ «ፀሐይ በየት በኩል ይገባዋል?» ብለን አንጠይቀውም። ልጄ ፈተና አለፈ ሲሉን ጥያቄያችን «ስንት አመጣ?» ነው። ሠርግ ሄደን ሙሽራዋን ከማየታችን በፊት ያጀቧትን መኪኖች እንቆጥራለን። ድምፅ ማጉያ ስንገዛም እንደዚያው ነው። «ስንት ዋት ነው?» እንላለን። ትልቅ ቁጥር ከተነገረን ደስ ብሎን ሒሳባችንን እንከፍላለን፤ ጎረቤት ደግሞ በእንቅልፉ ይከፍላል።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ካቢኔ አመራረጥ ነው። ቆይ፣ አትደንግጡ… ስለ ሚኒስትሮች አይደለም። ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ስፒከር የሚታሰርበትን የእንጨት ሣጥን «ካቢኔ» ይሉታል። በላዩ የሚቀመጠውን አምፕሊፋየር ደግሞ «ሄድ»፣ ማለትም ጭንቅላት ይሉታል። ጭንቅላቱና ካቢኔው ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል የማወራው በዚህ ረገድ ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ካለ ኃላፊነቱን ራሱ ይውሰድ።

ደግሞም የማወራው ስለ ማንኛውም አምፕሊፋየር ሳይሆን ቲዩብ ስላለው ነው። የድሮውን የሳሎን ሬዲዮ የምታስታውሱ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም። ከኋላው ያሉት አምፖል መሳይ ብርጭቆዎች እስኪግሉ ያስጠብቅና ቀስ እያለ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ ይመጣል። ቲዩብ የሚባሉት እነዚያ ብርጭቆዎች ናቸው። ሬዲዮ እነሱን ትቶ ወደ ትራንዚስተር ከተሻገረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጊታሪስቱ ግን አልተዋቸውም። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁ በአንዴ አይሰነጠቅም። ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ሳግ እንደተናነቀው ሰው ይሆናል። የብሉዝና የሮክ ጊታር ብለን የምናውቀው ድምፅ ከዚያ ሻካራነት የተወለደ ነው።

አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ በአንድ ትንሽ ቤት ከባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። አጎቱ ከዋሽንግተን 22 ዋት የሆነ አሮጌ ቲዩብ አምፕሊፋየር ላከለት። ሲደርስ ሁሉ ነገሩ ደህና ነበር፤ የስፒከሩ ወረቀት ግን ተቀዷል። ዕቃውን ይዘን ዕድሜያቸውን በሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሰው ዘንድ ሄድን።

«ጋሼ፣ ጠንከር ያለ ስፒከር ፈልጌ ነበር። 200 ዋት የሚሆን» አላቸው ልጁ።

«ለምን 200?»

«እንዲጮህልኝ ነዋ!»

ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ አንድ ኩንታል የሚችል አህያ ግማሽ ኩንታል ከሚችለው ይልቅ ድምፁ ያምራል?»

ነገሩ በዚህች አባባል ያልቃል። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት የጩኸቱ መጠን አይደለም። ጥቅልል ሽቦው ሳይቃጠል ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚነግረን ቁጥር ነው። ቲዩብ አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ሲከፈት ከተጻፈለት ዋት በላይ ስለሚያወጣ፣ የስፒከሩ አቅም የአምፕሊፋየሩን እጥፍ ያህል ቢሆን ይመከራል። ለ22 ዋት 50 ዋት ይበቃል ማለት ነው። 200 ዋቱ አይጎዳም። ግን ይከብዳል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ አምፕሊፋየሩ እያለቀሰ እሱ ደረቅ ብሎ ይቀመጣል።

እሺ፣ ጩኸቱስ በምን ይታወቃል? ከዋቱ አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈች፣ ማንም የማያነባት ሌላ ቁጥር አለች። አንድ ዋት ሲሰጠው ስፒከሩ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ የምትናገረው እሷ ናት። አንዱ 97፣ ሌላው 100 ቢሆኑ ልዩነቱ 3 ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ግን 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ 20 ዋት አምፕሊፋየር ከ100ው ጋር ሲሆን፣ 40 ዋቱ ከ97ቱ ጋር ሆኖ የሚጮኸውን ያህል ይጮኻል። ጆሯችን ደግሞ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመርለት ነው፤ ለዚያ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። 100 ዋት ከ10 ዋት አሥር ጊዜ የሚጮህ የሚመስለን ሁሉ፣ ተሸክመን የሄድነው ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ የሚጮኸውን ነው።

ቀጥሎ ኦም ይመጣል። በዋት የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ በኦም የተሳሳተ ግን አምፕሊፋየሩን ሊያጣ ይችላል። ቲዩቡና ስፒከሩ ቋንቋቸው አይገናኝም። ቲዩቡ በከፍተኛ ቮልቴጅና በትንሽ ከረንት ይናገራል፤ ስፒከሩ የሚገባው ተቃራኒው ነው። በመካከላቸው አስተርጓሚ ሆኖ የቆመ ትራንስፎርመር አለ። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ 4፣ 8 ወይም 16 ተብሎ የተጻፈው «ከምን ዓይነት ሰሚ ጋር ላገናኝህ?» የሚል የአስተርጓሚው ጥያቄ ነው። 8 ከተባለ ካቢኔው 8 ይሁን። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን በፓራለል ከታሰሩ 4 ይሆናሉ፤ በተከታታይ ከታሰሩ 16። አራት ባለ 16 ደግሞ ሁለት ሁለት ተደርገው በብልሃት ሲታሰሩ መልሰው 16 ይሰጣሉ። ከሁሉ የከፋው ስፒከር ሳይሰኩ ቲዩብ አምፕሊፋየር ከፍቶ መጫወት ነው። ሰሚ የሌለው አስተርጓሚ ቮልቴጁ በላዩ ላይ ይወጣና ይቃጠላል። እሱን መተካት ከስፒከር ይልቅ ኪስ ይጎዳል።

ጠጋኙ ከዚህ ሁሉ በፊት የጠየቁት ግን ሌላ ነበር። «መቀነሻ ትራንስፎርመር አለህ?» አሉት። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ናፍቆት ከባሕር ማዶ የሚልከው ስጦታ ስንቱ በመጀመሪያው ምሽት እንደተቃጠለ እሳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ሣጥን ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ የሚከተለውን ይስማ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት የማይችል ሰው ነው፤ የሠራቸው ጊታሮችና አምፕሊፋየሮች ግን ዓለምን ሞሉት። ከእነሱ አንዱ ለቤዝ ጊታር ተብሎ የተሠራው «ቤዝማን» ነው፤ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ነበሩት። በ1962 ምዕራብ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው የድራም አስተማሪ ጂም ማርሻል፣ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ሆኖ የዚያን አምፕሊፋየር ውስጣዊ አሠራር ቀዳ። ቲዩቡና ትራንስፎርመሩ እዚያው አገር የተገኘው ሆነ። ስፒከሮቹ ደግሞ የእንግሊዙ የሰለስሽን ባለ 12 ኢንች ሆኑ፤ አራቱ ጀርባው ድፍን በሆነ ሣጥን ውስጥ ታሠሩ። የተቀዳው አምፕሊፋየር ተከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን የማንም ቅጂ አልነበረም። ወፍራም፣ የታመቀ፣ ፊት ለፊት የሚገፋ ድምፅ ነበር። የእንግሊዝ ሮክ በእሱ ነው ያደገው።

ልዩነቱ የሚገባ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ካቢኔ ድምፁን ከፊትም ከኋላም ስለሚለቅ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ይተነፍሳል፤ ድራመሩም ከኋላ ሆኖ ይሰማዋል። ድፍኑ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ጨብጦ ወደፊት ይወረውራል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ይመታል፣ ጎኑ የቆመ «ጊታሩ የት ሄደ?» ይላል። እንጨቱም የራሱ ወሬ አለው። ከጠንካራ ኮምፔርሳቶ የተሠራ ድምፁን ይይዛል፣ ቀለል ያለ የጥድ ጣውላ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ችፑድ ደግሞ ይከብዳል እንጂ ብዙም አይናገር።

ስፒከሩ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑን ያስመሰከረው ደግሞ ዴቭ ዴቪስ የሚባል የለንደን ጎረምሳ ነው። በ1964 «ዘ ኪንክስ» ከሚባለው ባንዱ ጋር ዘፈን ሊቀዳ ሲል የትንሿን አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀደደው። ከተቀደደው ወረቀት የወጣው ሻካራ ድምፅ ዘፈኑን ታዋቂ አደረገው። የእኛን ልጅ ግን በዚህ ላጽናናው አልደፈርኩም፤ የእሱ ስፒከር የተቀደደው ቅርጫት ድረስ ነው።

የትልቅ ቁጥር ፍቅርም የራሱ ታሪክ አለው። በ1965 የ«ዘ ሁ» ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንዘንድ ማርሻልን 100 ዋትና ስምንት ስፒከር በአንድ ሣጥን ጠየቀው። ተሠራለት። የሚሸከሙት ሠራተኞች ግን ወገባቸው ሊቆረጥ ሆነ። ሣጥኑ ለሁለት ተከፈለና አንዱ በአንዱ ላይ ተደረደረ። ዛሬ በየመድረኩ የምናየው ግድግዳ የሚያህል ክምር በከፊል የጫኝና አውራጆች አቤቱታ ውጤት ነው።

ጫኝ ቢያማርር ሣጥን ይቆረጥለታል። ጆሮ ግን ሲጎዳ አቤት አይልም። የአሜሪካው የሙያ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ85 ዴሲቤል ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይገባም ይላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስንደርስ የቀረን 15 ደቂቃ ነው። የአንድ ሠርግ ቤት ምሽት ስንት 15 ደቂቃ እንዳለው እናንተው አስሉት። ጠጋኛችን ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ ቴፕ ይጠግናሉ፤ የሞተ ጆሮ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ግን ይዞት ይመለሳል።

በመጨረሻ ልጁን የጠየቁት «የምትጫወትበት ቤት ስንት ሰው ይይዛል?» ብለው ነበር። «ስድሳ ቢሆን ነው» አላቸው። «ዘፋኟ ምን ትላለች?» «ቀንስ ትለኛለች፤ ሁልጊዜ።» አሮጌውን ሣጥን ከነክፍት ጀርባው አልነኩትም። 12 ኢንች፣ 8 ኦም፣ 50 ዋት፣ ለጊታር ተብሎ የተሠራ ስፒከር አሠሩለት። ለ200 ዋቱ ካጠራቀመው ብር ተርፎት መቀነሻ ትራንስፎርመሩን ገዛበት። ባለፈው ሲነግረኝ ትዝታ እየተጫወቱ ዘፋኟ ዞር ብላ አየችው። «ቀንስ ልትለኝ ነው ብዬ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር» አለኝ። «ጨምር አለችኝ።»

«ለጊታር ተብሎ የተሠራ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እኛ ሞንታርቦ የምንለው (የጣሊያን ኩባንያ ስም ነበር፤ እኛ የጯሂ ሁሉ መጠሪያ አደረግነው) የተላከለትን ሁሉ፣ ከጎርናናው እስከ ቀጭኑ ሲርታ ድረስ፣ አንድም ሳይቀር እንዲያሰማ የተሠራ ነው። ለንግግርና ለዘፈን ጥሩ ነው። የሻከረ ጊታር በቀጥታ ሲሰኩበት ግን የተቆጣ ንብ ቀፎ ይሆናል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን፣ ጆሮ የሚቧጭረውን ክፍል፣ አብዛኛውን አፍኖ ያስቀረዋል። ጭንቅላቱ ሲሞቀው የሚያወጣው ሁሉ ለሕዝብ እንደማይሆን የሚያውቀው እሱ ነው። ድምፁን የምንወደው በሚያሰማን ብቻ ሳይሆን በሚያስቀርልንም ጭምር ነው።

እንግዲህ ስትመርጡ ስንት ዋት ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ሸክሙን ይችል እንደሆነ፣ ከጭንቅላቱ ጋር በኦም ይግባቡ እንደሆነ፣ ለምን ያህል ቤት እንደሚጮህ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ በጆሯችሁ ስሙት። ጥሩ ካቢኔ ጭንቅላቱ ያለውን ሁሉ እንዳለ የሚደግም አይደለም።

ስለ ጊታር ነው የማወራው።