የኪስ ሽጉጥና የኪስ ብናኝ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሄለር፣ በ2022 ደግሞ በብሩን ጉዳይ በሰጣቸው ውሳኔዎች ግለሰብ ሽጉጥ በቤቱ የማኖርና ከቤቱ ውጭ የመያዝ መብቱን አጽንቷል። መሣሪያው በተፈለገ ጊዜ ይሠራ አይሠራ ግን የዳኞቹ ጭንቀት አይደለም። በቨርጂኒያ የምንኖር አበሾች ስለ መብቱ ስንከራከር እናመሻለን፤ ስለ አያያዙ የሚያነሣ እምብዛም አልገጠመኝም።

በበኩሌ የመረጥሁት አምስት ጎራሹን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ነው። መዶሻው በአካሉ ውስጥ የተሰወረ ስለሆነ ሲመዘዝ ከኪስ ጋር አይያያዝም። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ቀጣዩን ያመጣል። ከዚህ የቀለለ የሚሻ ሩገር ኤልሲፒን ያገኛል፤ ያገለገለ ከሆነ ግን መለያ ቁጥሩን ያጣራ። በ2008 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ጎርሰው ሳሉ ቢወድቁ ሊተኩሱ ስለሚችሉ አምራቹ በዚያው ዓመት ለእርማት ጠርቷቸዋል።

የኪስ ሽጉጥ ዋነኛ ጠላት ብናኝ ነው። ወራት ሳይተኮስበት ስለሚያልፍ ንጹሕ ይመስላል፤ የጨርቅ ብናኙ ግን ከዘይቱ ጋር እየተለወሰ ይረጋል፣ ላብም ብረቱን ያዝጋል። በየሁለት ሳምንቱ ጥይቱን አውጥቼ፣ አምስቱም ቀዳዳዎች ባዶ መሆናቸውን ሁለት ጊዜ አይቼ እወለውለዋለሁ፤ ዘይቱ ጥቂት ጠብታ ብቻ። ቃታውን በሚሸፍን ማኅደር፣ ለብቻው በተመደበ ኪስ ይያዛል፤ ቁልፍም ሳንቲምም አብሮት አይገባም።

ቤት ስደርስ የተቆለፈ ሣጥን ይጠብቀዋል። ልጆች ባሉበት ቤት ሽጉጥ ከትራስ ሥር ማኖርን ጀግንነት የሚያደርጉ ወዳጆች አሉኝ፤ ሄለርንም ይጠቅሱልኛል። ፍርድ ቤቱ የሻረው ግን በቤት ያለ ሽጉጥ ተፈትቶ ወይም ቃታው ተቆልፎ እንዲቀመጥ ያስገድድ የነበረውን የዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ነው። አባት በገዛ ፈቃዱ እንዳይቆልፍ የከለከለ ዳኛ የለም።