በሞን ብላን ግርጌ፦ የሻሞኒ የተራራ ሩጫ መንገዶች

የዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ወደ ፈረንሳይ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይወስዳችኋል። ሞን ብላን የተባለው የአልፕስ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ ባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሻሞኒ ትገኛለች። ሻሞኒ ቀድሞ የእረኞችና የገበሬዎች መንደር ነበረች። ዛሬም ነዋሪዋ ከአሥር ሺህ አይበልጥም። በዓለም የታወቀችው በበረዶ ስፖርት ሲሆን፣ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1924 በዚህችው መንደር ነው። እኛ ግን የምናወጋችሁ በረዶው ሲቀልጥ ስለሚገለጡት ቀጫጭን የእግር መንገዶችና በእነርሱ ላይ ስለሚሮጠው የተራራ ሩጫ ነው።

የሄድነው በሐምሌ ወር ነበር፤ የኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ነውና። በጄኔቫ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ተቀብለውን አብረን ተጓዝን። አባትየው፣ ባለቤታቸው፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድ ልጃቸውና የአሥራ አራት ዓመቷ እኅቱ፣ እኛም ሁለት መምህራን ሆነን ስድስት ነበርን። ከጄኔቫ ሻሞኒ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአውቶቡስ ከረፋዱ በፊት ደረስን።

ከፍታው ያታልላል

ለአገራችን ሰው የመጀመሪያው አስገራሚ ነገር የሻሞኒ ዝቅ ማለት ነው። መንደሯ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,035 ሜትር ላይ ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ እኩሌታ እንኳ አትደርስም። ከመንደሯ በላይ ያለውና ብዙ ሯጮች የሚመኙት ላክ ብላን፣ ማለትም ነጭ ሐይቅ፣ 2,352 ሜትር ላይ ይገኛል። ይህ አዲስ አበባ የተቀመጠችበት ከፍታ ማለት ነው። እኛ ዘንድ በዚህ ከፍታ ባሕር ዛፍ ይበቅላል፣ ታክሲ ይጋፋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እዚያ ግን ዛፍ የሚባል የለም፤ በሐምሌም ቢሆን በጥላ ቦታ በረዶ ሊገኝ ይችላል። ሻሞኒ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 46 ዲግሪ ያህል ስትርቅ አዲስ አበባ የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ይህ ምን አለው?» ብሎ በቀላል ልብስ የሚወጣ ሰው ሳንባው ቢችል እንኳ ብርዱ አይምረውም።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ጉዳይ ነው። በየመገናኛው የተተከሉት ምልክቶች መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ይናገራሉ። የተራራ ሯጮች ደግሞ የራሳቸው ቀላል ሒሳብ አላቸው፤ እያንዳንዱን 100 ሜትር ዳገት እንደ አንድ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ይቆጥሩታል። አምስት ኪሎ ሜትር ሆኖ 500 ሜትር ሽቅብ የሚወስድ መንገድ ለእግር አሥር ነው ማለት ነው። በመም ላይ በሚሮጥበት ፍጥነት ተራራን የሚያሰላ ሰው ከመንገድ ላይ ይመሽበታል።

መንገዶቹ

ሸለቆው ሁለት ግድግዳዎች አሉት። በአንድ ወገን የሞን ብላን ተራሮች፣ በፊት ለፊታቸው ደግሞ ኤግዊ ሩዥ የተባሉት ቀይ ሾጣጣ ጫፎች ቆመዋል። በመካከል አርቭ የተባለው ወንዝ ከቀለጠው በረዶ አመድማ ቀለም ይዞ ይወርዳል። በሁለቱም ግድግዳዎች ጎን ለጎን የሚሄዱ መንገዶች ስላሉ የአገሩ ሰው «ሰገነት» እያለ ይጠራቸዋል።

ለጀማሪና ለቤተሰብ የሚስማማው ትንሹ የደቡብ ሰገነት ነው። ከመንደሯ ጥቂት ከፍ ብሎ በጥድ ደን ውስጥ ወደ አርዣንቲየር መንደር ያመራል። ዳገትና ቁልቁለቱ መጠነኛ ነው፤ የደከመው ሰው በየቦታው ወደ ሸለቆው ወርዶ አውቶቡስ ወይም ባቡር ሊሳፈር ይችላል። እህታችንና ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን የሮጡት ይህንኑ ነው። በረጅም ቀሚስና በሒጃብ ሲሮጡ የተመለከታቸው ሁሉ «ቦንዡር» እያለ ያልፍ ነበር፤ በተራራ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ሰላምታ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም።

ቀጥሎ ታላቁ የደቡብ ሰገነት አለ። 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ከፕላንፕራ ወደ ፍሌዤር ይሄዳል። እስከ ፕላንፕራ ቴሌፌሪክ ስላለ ዳገቱን ያልፈለገ ይሳፈራል። በእግሩ ልሂድ ያለ ግን ከአራት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት 1,000 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ውድድር ሲካሄድ ጥሩ ጥሩ ሯጮች እንኳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየጫኑ ይራመዳሉ። በተራራ ሩጫ ዳገትን መራመድ ነውር የለውም፤ ጉልበትን ለቀረው መንገድ ማቆየት ነው።

በወዲያኛው ግድግዳ ታላቁ የሰሜን ሰገነት ከፕላን ደ ሌግዊ ተነሥቶ 1,913 ሜትር ላይ ወዳለው ሞንታንቬር ያደርሳል። እዚያ ሜር ደ ግላስ፣ ማለትም የበረዶ ባሕር የተባለው ታላቅ የበረዶ ግግር ይታያል። ግግሩ ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጎብኚዎችን ወደ በረዶው የሚያወርድ ቴሌፌሪክ ሲሠራ፣ ከመውረጃው እስከ በረዶው የነበረው ደረጃ ጥቂት ብቻ ነበር። በረዶው ዝቅ ባለ ቁጥር ደረጃ ሲጨመር ሲጨመር ከ500 በላይ ደረሰ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2024 ከግግሩ ሽቅብ ራቅ ብሎ ሌላ ቴሌፌሪክ ተከፈተ። በገደሉ ላይ በረዶው በየዓመቱ የት ይደርስ እንደነበር የሚያመለክቱ ሰሌዳዎች አሉ። ከወንድ ልጁ ትውልድ ዓመት በኋላ ብቻ የወረደውን ሲያይ ዝም አለ፤ ያ ሁሉ በእርሱ ዕድሜ የሆነ ነው።

ወደ ነጭ ሐይቅ

በሦስተኛው ቀን አባት፣ ልጅና እኛ ከፍሌዤር ወደ ላክ ብላን ተነሣን። መንገዱ 475 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከመነሣታችን በፊት አባትየው «ስምንት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን» ብለው ነበር። በበጋ ከሰዓት በኋላ በአልፕስ ላይ ነጎድጓድ የተለመደ ነውና።

ቦታው የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ሲሆን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከመንገዱ በላይ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ የአልፕስ ፍየሎች አየን፤ የሰሜን ተራሮቹ ዋልያ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በአደን ብዛት ሊጠፉ ተቃርበው በጣሊያን አንድ ጥግ የተረፉት ጥቂቶች ተጠብቀው እንደገና በመላው አልፕስ ተባዝተዋል። ዋልያን ለሚያስብ ሰው ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ገና አልታየም። ከሞን ብላን በስተጀርባ ደመናው ጠቁሮ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ምልክቱ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የሚለው! አባዬን ይንገሩልኝ» አለን ልጁ።

አባትየው ቀድመው መለሱለት። «ልጄ፣ ሐይቁ ነገም እዚሁ ነው። ሃያ ደቂቃ መውጫው ነው፤ መውረጃውን ማን ቆጠረልህ?»

ልጁ ተከፋ፤ ግን ታዘዘ። ፍሌዤር ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ሰማዩ ተቀደደ፣ መብረቁ በቀዮቹ ጫፎች ላይ ይወርድ ጀመር። ከእኛ በኋላ እጀ ጉርድ የለበሱ ሁለት ወጣት ሯጮች ከንፈራቸው ጠቁሮ እየተንቀጠቀጡ ደረሱ። ልጁ የራሱን የዝናብ ልብስ አውልቆ ለአንደኛው አለበሰው። ስለ ሐይቁ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ትልቁ ውድድርና ሕጉ

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነሐሴ መጨረሻ ከሻሞኒ የሚነሣ ታላቅ ውድድር አለ። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን አቋርጦ ሞን ብላንን ይዞራል። ርቀቱ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዳገቱ ተደምሮ 10,000 ሜትር ያህል ነው። የስፔኑ ኪሊያን ዦርኔ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአራተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ከ20 ሰዓት በታች ገብቷል፤ ለተራው ሯጭ የሚፈቀደው ግን ሁለት ቀንና ሌሊት የሚጠጋ ነው። ይህን ያህል ዝግጅት ያለው ውድድር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 በዝናብና በጭቃ ምክንያት ከተጀመረ በኋላ ተቋርጧል፤ በ2012 ደግሞ መንገዱ አጥሮ በፈረንሳይ ክልል ብቻ ተሮጧል። ዓመቱን ሙሉ ለተዘጋጁ ሰዎች «ተመለሱ» ማለት ቀላል አልነበረም፤ ግን ተባለ።

ተወዳዳሪው ከሚይዛቸው ዕቃዎች መካከል የዝናብ ልብስ፣ የራስ ላይ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ውሃ፣ ስልክና ሙቀት የሚይዝ ስስ ብርድ ልብስ ግዴታ ናቸው። ለሽርሽር የሚሮጥ ሰውም ቢይዛቸው አይከብዱም። እኛ በዚህ ላይ ቴምርና ቆሎ ጨምረን ነበር፤ በየተራራው ጎጆ የሚሸጠው ምግብ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። በአደጋ ጊዜ የሚደወለው 112 ነው። ስልክ ካልሠራ በፊሽካ ወይም በባትሪ በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ምልክት ይሰጣል፣ አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል፣ እንደገና ይደገማል። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሁለት እጅ ወደ ላይ መዘርጋት «እርዱን» ማለት ነው፤ አንዱን ሽቅብ ሌላውን ቁልቁል ማድረግ ደግሞ «ደህና ነን» ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ሻሞኒን ላያዩ ይችላሉ፤ እንጦጦን፣ ጭላሎን ወይም በየአካባቢያችሁ ያለውን ጋራ ግን ያያሉ። አውጧቸው፣ አብራችሁም ሩጡ። ብቻ ከቤት ሳትወጡ የመመለሻውን ሰዓት ተስማሙ፤ ሰዓቱም ሲደርስ ጫፉ ቢቀርብም ባይቀርብም ፊታችሁን ወደ ቤት መልሱ። ወጣቶች ሆይ! ብርቱ ሯጭ ዳገት የወጣው ብቻ አይደለም፤ በሰላም ወርዶ በማግስቱ እንደገና መውጣት የቻለው ነው።